ለአቅመ ሔዋን መድረስ በሆርሞን እንዴት ይታዘዛል? ከወጣት ሴት አሳማ የተገኘ ዕውቀት

አንዲት ልጅ 15 ዓመት ሞልቷት የወር አበባ አላየችም። ሌላዋ ገና በ6 ዓመቷ ጡቷ ማጎጥጎጥ ጀምሯል። ሁለቱም ከእናቶቻቸው ጋር ወደ ሕክምና ሲቀርቡ የቤተሰቡ ጥርጣሬ በአብዛኛው የሚያርፈው በማህፀን ላይ ነው፤ «ማህፀኗ ተዘግቶ ይሆን?» ወይም «ማህፀኗ ያለ ጊዜው በሰለ ወይ?» የሚል ጥያቄ ይሰማል። የሐኪሙም የመጀመሪያ ትእዛዝ የአልትራሳውንድ ምርመራ መሆኑ የተለመደ ነው። ይህ ስሕተት አይደለም፤ መታየት ያለበት ነገር ነው። ይሁን እንጂ ለአቅመ ሔዋን የመድረስን ጊዜ በዋናነት የሚወስነው ማህፀንም ሆነ ኦቫሪ የሚባሉት የሴት ዘር ዕጢዎች ሳይሆኑ አንጎል ነው። ይህንን ነጥብ በግልጽ ካሳዩት እንስሳት አንዷ ገና ያልወለደች ወጣት ሴት አሳማ ናት።

አሳማ በአገራችን በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑም ሆነ በሙስሊሙ ማዕድ የማይቀርብ እንስሳ ስለሆነ ብዙው አንባቢ በቅርብ አያውቀውም። ለሕክምና ግን ባለውለታ ነው። የስኳር ሕሙማን ለብዙ አሠርት ዓመታት የተወጉት ኢንሱሊን ከአሳማና ከከብት ጣፊያ ጎን ካለው ቆሽት የተወሰደ ነበር፤ ከአሳማ የተሠራ የልብ በርም እስከ ዛሬ ለሰው ይገጠማል። ስለ ጉርምስና የምናውቀው ነገር መነሻም በከፊል የአሳማ አንጎል ነው። በኒው ኦርሊንስ ይሠሩ የነበሩት አንድሩ ሻሊና የሥራ ባልደረቦቻቸው ከቄራ ከተሰበሰቡ ከመቶ ሺህ በላይ ከሆኑ የአሳማ አንጎሎች ሃይፖታላመስ የሚባለውን ክፍል እየለዩ፣ እየጨመቁና እያጣሩ እጅግ ጥቂት መጠን ያለው ንጥረ ነገር አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1971 አወቃቀሩን ይፋ ሲያደርጉ ከ10 አሚኖ አሲዶች ብቻ የተገነባ አጭር ሰንሰለት ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ጂ ኤን አር ኤች የምንለው ሆርሞን ይህ ነው። ተፎካካሪያቸው ሮጀር ጊይማን ከበግ አንጎል ያገኙትም ያንኑ ነበር፤ የሰውም ቢሆን አንዲት አሚኖ አሲድ እንኳን አይለይም። ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 የኖቤል ሽልማትን ከሮዛሊን ያሎው ጋር ተካፈሉ። የያሎው ድርሻ በጥቂት ደም ውስጥ ያለን ኢምንት ሆርሞን ለመለካት የሚያስችለው ዘዴ ነው፤ ያለዚያ ዘዴ ከዚህ በታች የሚነገረው አብዛኛው ነገር ሊታወቅ ባልቻለ ነበር።

የሥርዓቱ አካሄድ በአጭሩ እንዲህ ነው። የሃይፖታላመስ የነርቭ ሕዋሳት ጂ ኤን አር ኤችን ወደ ጥቃቅን የደም ሥሮች ያፈስሳሉ፤ እነዚህም በአንጎል ግርጌ ወዳለው የፒቱይታሪ ዕጢ ያደርሱታል። ፒቱይታሪ በበኩሉ ኤል ኤችና ኤፍ ኤስ ኤች የተባሉትን ሁለት ሆርሞኖች ወደ ደም ይለቅቃል። እነርሱም በኦቫሪ ውስጥ ዕንቁላል የያዙት ከረጢቶች እንዲያድጉና ኤስትሮጅን እንዲያመነጩ ያደርጋሉ። ጡትን የሚያሳድገው፣ ማህፀንን የሚያወፍረው፣ አጥንትን መጀመሪያ የሚያስረዝምና ኋላም እድገቱን የሚዘጋው ይኸው ኤስትሮጅን ነው።

ጥያቄው ከዚህ ሰንሰለት የትኛው ክፍል ነው «ገና አልደረሰም» የሚባለው የሚል ነው። ወጣት ሴት አሳማ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 7 ወር ባለው ዕድሜዋ የመጀመሪያውን ድራት ታሳያለች፤ ፈጣኗ በ5 ወር፣ ዘገምተኛዋ በ8 ወር ሊሆን ይችላል። ኦቫሪዋ ግን ከዚያ እጅግ ቀድሞ የተሰናዳ ነው። ገና ሁለትና ሦስት ወር ሲሆናት ፈሳሽ የቋጠሩ ትናንሽ ከረጢቶች በኦቫሪዋ ላይ ይታያሉ። በዚህ ጊዜ ከውጭ ሆርሞን ቢሰጣት ከረጢቶቹ ያድጋሉ፤ ዕንቁላልም ይወጣል። ለዚህ የሚውለው የታወቀ መድኃኒት 400 ዩኒት ካረገዘች ባዝራ ደም የተገኘ ሆርሞንና 200 ዩኒት ከነፍሰ ጡር ሴቶች ሽንት የተገኘ ሆርሞን በአንድ መርፌ የያዘ ነው። ለድራት ዕድሜዋ የተቃረበች አሳማ ይህን ከተወጋች በኋላ በአምስት ቀን ገደማ ድራት ታሳያለች። ስለዚህ ኦቫሪው ሰነፍ አይደለም፤ የሚያዝዘው አጥቶ የተቀመጠ ነው።

ፒቱይታሪስ? ጂ ኤን አር ኤች ሲወጋ ኤል ኤች ይለቅቃል፤ እርሱም ዝግጁ ነው። አንጎሉ ራሱ ለኤስትሮጅን የሚሰጠው መልስም ቢሆን ከድራት በፊት የተሟላ ነው። ይህን ለመረዳት በበሰለች እንስሳ ዘንድ የኤስትሮጅን ጠባይ ሁለት መልክ ያለው መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። በጥቂት መጠን ሲኖር አንጎልንና ፒቱይታሪን ያፍናል፤ በብዛትና ለረዘመ ጊዜ ሲኖር ግን ተገላቢጦሽ ያነሣሣቸዋል፤ ዕንቁላልን የሚያስወጣው የኤል ኤች ድንገተኛ ንረትም ይከተላል። ተመራማሪዎች ገና ድራት ላላየች አሳማ ኤስትሮጅን ሲሰጧት ይኸው ንረት ታየባት። እንግዲህ ሁሉም ዕቃ በቦታው አለ፤ የሚጎድለው ማስነሻው ብቻ ነው።

ማስነሻው የጂ ኤን አር ኤች መጠን ብቻ ሳይሆን አለቃቀቁ ነው። ሆርሞኑ በደም ውስጥ የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው፤ ከአንጎል የሚወጣውም እንደ ልብ ምት በየተወሰነ ጊዜ እየተቆራረጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ኤርነስት ኖቢልና ባልደረቦቻቸው ሃይፖታላመሳቸው በተጎዳ ጦጣዎች ላይ ባደረጉት ሙከራ ጂ ኤን አር ኤች በየሰዓቱ በምት ሲሰጥ ኤል ኤችና ኤፍ ኤስ ኤች ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ያው ሆርሞን ሳይቋረጥ በተከታታይ ሲንቆረቆር ግን ፒቱይታሪው ደንዝዞ ሁለቱም ሆርሞኖች ወረዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1980፣ ለአቅመ ሔዋን ላልደረሱ ሴት ጦጣዎች በየሰዓቱ ምት ሲሰጣቸው ሙሉ ዑደት ጀመሩ፤ ምቱ ሲቋረጥ ወደ ልጅነታቸው ተመለሱ። በወጣት አሳማም ላይ በየሰዓቱ የተሰጠ ምት ከጊዜው በፊት ድራት ሊያመጣ እንደሚችል ታይቷል። በተፈጥሮ ሂደትም ቢሆን የመጀመሪያው ድራት ሲቃረብ በደሟ ውስጥ የሚለካው የኤል ኤች ምት እየቀረበና እየተደጋገመ ይሄዳል።

ታዲያ ይህ ምት እስከዚያ ድረስ ለምን ይታፈናል? በአሳማ ዘንድ የመልሱ አንዱ ክፍል ኦቫሪው ራሱ ነው። የልጅነት ኦቫሪ የሚያመነጨው ጥቂት ኤስትሮጅን አንጎሏን ለማፈን ይበቃል፤ ኦቫሪዎቿ በቀዶ ጥገና ሲወጡ ኤል ኤች ከፍ ይላል። ዕድሜዋ ሲገፋ አንጎሏ ለዚህ አፈና ያለው ስስነት እየቀነሰ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ትናንት የሚያፍናት መጠን ዛሬ አያፍናትም። በሰው ዘንድ ግን ነገሩ በዚህ ብቻ አያበቃም። ተርነር ሲንድረም ያለባት ልጅ የሚሠራ ኦቫሪ የላትም፤ የሚያፍን ኤስትሮጅንም የላትም። እንዲያም ሆኖ በጨቅላነቷ ከፍ ብሎ የነበረው ኤፍ ኤስ ኤች በመካከለኛው የልጅነት ዕድሜ ይወርድና ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና ይወጣል። ይህ የሚያሳየው በልጃገረድ አንጎል ውስጥ ከኦቫሪ ውጪ የሆነ ራሱን የቻለ ልጓም መኖሩን ነው። ለሐኪሙም ተግባራዊ ትርጉም አለው፤ በ7 ዓመት ልጅ ላይ የተለካ መደበኛ ኤፍ ኤስ ኤች ተርነር ሲንድረምን አያስቀርም።

ልጓሙን የሚይዘውና የሚፈታው ምን እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ግምት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በፈረንሳይና በአሜሪካ የሚሠሩ ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ ከሌላው ተለይቶ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ አባላት ባሏቸው ቤተሰቦች ውስጥ በአንድ ጂን ላይ የተፈጠረ ጉድለት አገኙ። ጂኑ ኪስፔፕቲን ለተባለ የአንጎል መልእክተኛ ተቀባይ የሚሠራ ነው። ኪስፔፕቲን ቀድሞ የሚታወቀው የካንሰር ሥርጭትን በመግታት ነበር፤ በጉርምስና ጉዳይ ይገኛል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ድራት ላላዩ ወጣት አሳማዎች ኪስፔፕቲን በአንጎላቸው ውስጥ ሲሰጥ ኤል ኤች በግልጽ መጨመሩ ታተመ። ከዚያ በኋላ በ2013 ኤም ኬ አር ኤን 3 የተባለው ጂን ሲጎድል ልጓሙ ያለ ጊዜው እንደሚፈታና ጉርምስና እንደሚቀድም ተደረሰበት። አንዱ ጂን ሲጎድል ጉርምስና ይቀራል፤ ሌላው ሲጎድል ይቀድማል።

በአሳማ ዘንድ ግን ይህን ማስነሻ ከውጭ በሚመጣ ምልክትም መንካት ይቻላል። አርቢዎች ከሳይንቲስቶች ቀድመው የሚያውቁት ነገር አለ፤ ወጣት ሴት አሳማዎች ከአንድ በረት ወደ ሌላ ሲዛወሩ ወይም ተጭነው ሲጓዙ ከቀናት በኋላ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ድራት ያሳያሉ። ከዚህ የበለጠ ኃይል ያለው ደግሞ የአውራ አሳማ መቅረብ ነው። ዕድሜዋ 5 ወር ተኩል ገደማ የሆነ ሴት አሳማ በየቀኑ ለጥቂት ጊዜ ከጎለመሰ አውራ ጋር ብትገናኝ ድራቷ በሳምንታት ይቀድማል። አውራው ራሱ ያልጎለመሰ ከሆነ ግን ውጤቱ ደካማ ነው፤ 10 ወር ያለፈው የተሻለ ነው። እርሷም ከመጠን በላይ ልጅ ሳለች ቢያቀርቡላት ብዙም ለውጥ አይታይባትም። በአጥር ማዶ ከሚያይ ይልቅ በአካል የሚነካካ አውራ ይመረጣል፤ ምልክቱ የማሽተት፣ የመንካት፣ የመስማትና የማየት ድምር ነውና።

ከነዚህ ሁሉ ሽታው ዋናውን ሥፍራ ይይዛል። የጎለመሰ አውራ ከመንጋጋው ሥር ካሉት የምራቅ ዕጢዎች አንድሮስቴኖንና አንድሮስቴኖል የተባሉ ንጥረ ነገሮችን በአረፋማ ለሃጩ ያወጣል። እነዚህ ዕጢዎች የተወገዱለት አውራ ድራትን የማፋጠን ኃይሉ ይቀንሳል። በሌላ በኩል በሴቷ አንጎል ሽታን የሚቀበለው ክፍል ሲወገድ የአውራው መቅረብ ምንም አያመጣባትም። ከአፍንጫ የሚነሣ መልእክት ሃይፖታላመስ ደርሶ የጂ ኤን አር ኤችን ምት እንደሚቀሰቅስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። ይህን ተከትሎ በሰውም ዘንድ እንዲሁ የሚሠራ ሽታ እንዳለ አድርገው ሽቶ የሚሸጡ አሉ፤ ለዚህ አባባል በልጃገረዶች ጉርምስና ላይ የተረጋገጠ መሠረት የለውም።

የአፍንጫና የጉርምስና ዝምድና ግን በሰውም ዘንድ በሌላ መልክ አለ። ጂ ኤን አር ኤችን የሚሠሩት የነርቭ ሕዋሳት የሚወለዱት በአንጎል ውስጥ አይደለም፤ በፅንሱ የአፍንጫ አካባቢ ተወልደው የማሽተት ነርቭን መንገድ ተከትለው ወደ ሃይፖታላመስ ይሰደዳሉ። ይህ ስደት ሲሰናከል ልጁ ወይም ልጅቷ ሽታ አይለዩም፤ ለአካለ መጠንም አይደርሱም። ሕመሙ እ.ኤ.አ. በ1944 በገለጸው ሐኪም ስም ካልማን ሲንድረም ይባላል። ስለዚህ ጉርምስናዋ የዘገየባትን ልጅ «የቡና ሽታ፣ የዕጣን ሽታ ይታወቅሻል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ የማያስወጣ ምርመራ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሽታ የማያውቁ ሰዎች ጉድለቱን ራሳቸው አያነሡትምና ጥያቄው ከሐኪሙ መምጣት አለበት።

ሌላው የማስነሻው ተቆጣጣሪ ምግብ ነው። ለወጣት አሳማ የሚቀርበው መኖ ለአንድ ሳምንት ያህል ሲቀነስ የኤል ኤች ምቷ ይሳሳል፤ መኖው ሲመለስላት በአንድ ቀን ውስጥ ምቱ ይመለሳል። በዚህ አጭር ጊዜ የሰውነቷ ክብደት ይህን ያህል አይለወጥም። ስለዚህ አንጎል የሚያዳምጠው የተከማቸውን ስብ ብቻ ሳይሆን የዕለቱንም ገቢ ነው ማለት ይቻላል። ከስብ የሚመነጨውና እ.ኤ.አ. በ1994 የተገኘው ሌፕቲን ከመልእክተኞቹ አንዱ ነው። በተፈጥሮ ሌፕቲን የሌላቸው ሰዎች ወፍራም ቢሆኑም ለአካለ መጠን አይደርሱም፤ ሆርሞኑ ሲሰጣቸው ይቀጥላሉ። ይሁን እንጂ ሌፕቲን በዕድሜ ያልደረሰን ሕፃን አያጎረምስም። በሩን የሚከፍት ሳይሆን በሩ እንዲከፈት የሚፈቅድ ነው ቢባል ይሻላል።

ይህ ጉዳይ በእኛ አገር የቤተ ሙከራ ነገር ብቻ አይደለም። በጅማ ዞን ልጃገረዶችን እየተከታተለ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት የምግብ ዋስትና በጎደላቸው ቤቶች ያደጉት የመጀመሪያ የወር አበባቸውን ያዩት ከሌሎቹ አንድ ዓመት ያህል ዘግይተው መሆኑን አሳይቷል። አንዲት ቀጭን የ15 ዓመት ልጅ ስትመጣ ክብደቷን፣ ቁመቷን፣ የምትበላውንና የምትሠራውን ሥራ ሳይጠይቁ የሆርሞን ምርመራ ማዘዝ ውድ የሆነ አቋራጭ ነው። ሥር የሰደደ ተቅማጥ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ ኤች አይ ቪ፣ የልብና የኩላሊት ሕመምም በዚያው መንገድ ምቱን ያዳክሙታል።

የሚለያዩበትንም መግለጽ ተገቢ ነው። አሳማ በመጀመሪያው ድራቷ ብዙውን ጊዜ ዕንቁላል ታወጣለች፤ የኤል ኤች ንረት ከጀመረ 40 ሰዓት ገደማ በኋላ ከአሥር የማያንሱ ዕንቁላሎች ሊወጡ ይችላሉ፤ ዑደቷም ከዚያ በኋላ በየ21 ቀኑ ይመላለሳል። በልጃገረድ ዘንድ ግን የመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ዓመታት ዑደቶች በአብዛኛው ዕንቁላል የማይወጣባቸው ናቸው። የወር አበባቸው ቢዛባ የሚያስገርም አይደለም፤ ይህ ማለት ግን ማንም አያረግዝም ማለት አይደለም። ሁለተኛው ልዩነት የብልት ፀጉር ነው። በሰው ልጅ ከ6 እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች የራሳቸውን ሆርሞን ማመንጨት ይጀምራሉ፤ ይህም ከአንጎሉ ምት ጋር ግንኙነት የለውም። ስለዚህ ፀጉር ብቻ ያበቀለች፣ ጡቷ ያላጎጠጎጠ ልጅ ልጓሙ ተፈቶላታል ማለት አይቻልም። መለኪያው ጡት ነው።

በዚህ ዓይን ሲታይ ከላይ ለተጠቀሰችው የ15 ዓመት ልጅ የመጀመሪያው መለያ ጥያቄ ጡቷ አድጓል ወይስ አላደገም የሚለው ነው። አድጎ በየወሩ የሆድ ቁርጠት ካለባት የእናቲቱ ጥያቄ ልክ ሊሆን ይችላል፤ የማህፀን መውጫ ተዘግቶ ደሙ እየተጠራቀመ ይሆናል፤ ፈጥኖ መመርመርና በቀላል ቀዶ ጥገና መክፈት ይገባል። ጡቷ ያላደገ ከሆነ ኤፍ ኤስ ኤች ይለካ። ከፍ ካለ አንጎሉ እየጮኸ ኦቫሪው አልመለሰም፤ ዝቅ ካለ ምቱ ከላይ አልመጣም። ኤል ኤች ግን በምት የሚወጣና የሚወርድ በመሆኑ አንድ ጊዜ ብቻ ተለክቶ ዝቅ ቢል በሁለት ምቶች መካከል የተቀዳ ደም ሊሆን እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

የ6 ዓመቷ ሕፃን ጉዳይ ደግሞ የኖቢልን ግኝት በቀጥታ የሚጠቀም ነው። ከ8 ዓመት በፊት ጡት ሲያጎጠጉጥ እንደ ቀደመ ጉርምስና ይቆጠራል። የግራ እጇ ራጅ አጥንቷ ከዕድሜዋ ምን ያህል እንደቀደመ ያሳያል፤ በዚህ ዕድሜ የአንጎል እጢ እንዳይኖር የኤም አር አይ ምርመራም ይመከራል። ሥጋቱ ማኅበራዊ ብቻ አይደለም። ኤስትሮጅን የአጥንቷን ጫፎች ያለ ጊዜው ስለሚዘጋ ዛሬ ከእኩዮቿ የረዘመችው ልጅ ነገ አጭር ሆና ልትቀር ትችላለች። ለሕክምናው የሚሰጠው ከራሱ ከጂ ኤን አር ኤች የተቀዳ፣ ነገር ግን በሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ የሚቆይ መድኃኒት ነው። ለማጥፋት የሚፈለገውን ሆርሞን መስጠት ለቤተሰብም ለተማሪም ግራ ያጋባል፤ ነገር ግን ያለ ምት በተከታታይ ሲገኝ ፒቱይታሪውን ያደነዝዘዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ቀስቃሽ ስለሆነ ጥቂት ደም ሊታይ እንደሚችል ለእናት አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ ይህ ያልተነገራት እናት ሁለተኛውን መርፌ ልታስቀር ትችላለች።

በአሳማ እርባታ ለዚሁ ዓላማ ሌላ መንገድ ተገኝቷል። ሰውነት በራሱ ጂ ኤን አር ኤች ላይ ፀረ አካል እንዲያመርት የሚያደርግ ክትባት በሳምንታት ልዩነት ሁለት ጊዜ ሲሰጥ የዘር ዕጢዎች ሥራቸውን ያቆማሉ፤ በሴቶቹም ድራት ይቀራል። ሆርሞኑ በአሳማና በሰው አንድ ስለሆነ ክትባቱ በስሕተት የወጋው ሠራተኛ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የመውለድ ችሎታው ለጊዜው ሊታወክ ይችላል፤ ሁለት ጊዜ ከተወጋ አደጋው ይጨምራል። እንዲህ ያለ ሰው ወደ ሐኪም ቢመጣ መጠየቅ ያለበት ቀደም ሲል ተወግቶ ያውቅ እንደሆነና ነው፤ ዳግመኛም ክትባቱን መንካት የለበትም።

ለልጅቷ የሚሰጠው መርፌ እንዲህ አይደለም። በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ እየተሰጠ እስከ ተገቢው ዕድሜ ይቀጥልና ይቆማል። መድኃኒቱ ከሰውነቷ ሲወጣ የገዛ አንጎሏ ምት እንደገና ይሰማል፤ አብዛኞቹም ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ከእኩዮቻቸው ጋር የወር አበባ ያያሉ።